ሐሙስ እንመጣለን ብለን ነበር

ልጁ ኳስ አይጫወትም ነበር። መጀመሪያ የመጣ ሐሙስ ከሜዳው ዳር፣ ኳሶቹን ይዘንበት ከምንመጣው መረብ አጠገብ ቁጭ አለ። የሰጠነውን የልምምድ ሰደርያ አልለበሰውም፤ አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሌሎቹ እየተጯጯሁ ሲሯሯጡ እሱ ሣር እየነጨ ይመለከታቸዋል። አሥር ዓመቱ ነው። የስም መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ቀርቤ ስሙን ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።

በአምስተኛው ሐሙስ ልምምዱ አልቆ ኳሶቹን ወደ መረቡ እየመለስን ሳለ ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«ኮች፣ አንድ ጎድሏል።»

ዞር ስል እሱ ነው። ቆጠርኩ፤ 13። ይዘን የመጣነው 14 ነበር። ቁጠርልን ያለው ሰው የለም፤ ለካ በየሳምንቱ ከመረቡ ሲወጡም ሲገቡም በልቡ ይቆጥራቸው ኖሯል። «የት ይመስልሃል?» ብዬ ብጠይቀው ምንም ሳይመልስ ተነሥቶ ሄደ። ከአጥሩ ሥር ረዘም ያለውን ሣር በእግሩ እየገለጠ ፈለገና ጭቃ የለበሰ ኳስ ታቅፎ ተመለሰ። መረቡ ውስጥ ራሱ ከተተው፤ ገመዱንም ራሱ ጠበቅ አድርጎ አሠረው።

«አሁን አሥራ አራት» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኳስ ቆጣሪያችን እሱ ሆነ። ከስም መዝገቡ ግርጌ «ኳስ» የሚል መስመር አሰመርኩለት፤ ልምምድ ሲጀመርና ሲያልቅ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰደርያውን ለበሰ። ግብ ጠባቂ መሆን መረጠ።

የማወራችሁ አንድ የእግር ኳስ ክለብ በስሙ ስላቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የሕፃናትን አካላዊና አእምሯዊ ጤና መደገፍ ነበር ዓላማው፤ እኔም ሁለት ዓመት ተኩል በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። የክለቡን ስም አልጠራም። ሥራዬ ትልቅ አልነበረም፤ ስም መመዝገብ፣ ለልምምድ ምልክት የሚሆነውን ኮን መደርደር፣ ውኃ ማደል፣ የተፈታ የጫማ ክር ማሠር። ሆኖም ማን እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረ የሚያየው መዝገብ ያዡ ነው። ከልምድ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ አንድ ልጅ ሁለት ሐሙስ ከቀረ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ሦስት ሐሙስ ከቀረ ደግሞ እኛ ዘንድ የሆነ ነገር አለ። ወይ አንድ ልጅ ሰድቦታል፣ ወይ አንዱ አሠልጣኝ በሰው ፊት ጮኾበታል፣ ወይ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ የቀረው እሱ ሆኗል።

ስለ አካሉ ጉዳይ ብዙ ሰው ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክረውን ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን። የድርጅቱ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ግን ትምህርት ቤት ከሚውሉት ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ የዓለም ልጆች ከ100ው 81ዱ ይህን አያሟሉም። ከሴቶቹ 85፣ ከወንዶቹ 78። ይህን ሳነብ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ሒሳብ መሥራት ነበር። አንድ ልጅ በሳምንት 420 ደቂቃ ያስፈልገዋል። እኛ ሐሙስ ሐሙስ የምንሰጠው 90 ደቂቃ ነው፤ ከዚያም ላይ ማሟሟቂያው፣ ውኃው፣ ጭቅጭቁ ይቀነሳል።

ስለዚህ የእኛ ሐሙስ ብቻውን የማንንም ልጅ ልብና ሳንባ አያጠነክርም። ብዙ የክለብ ድርጅቶች «ይህን ያህል ሺህ ልጆች አሳተፍን» ብለው ሲያወጁ የሚረሱት ይህን ነው። የሐሙሱ ሥራ ሌላ ነው፤ ልጁ ዓርብም ቅዳሜም ራሱ ተነሥቶ እንዲሮጥ ማድረግ። መሮጥን ማስወደድ። ይህ ደግሞ በቀላሉ ይበላሻል። ሃያ ልጅ በሰልፍ አቁሞ በአንድ ኳስ ተራ በተራ ጎል የሚያስመታ አሠልጣኝ አይቻለሁ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዱ ልጅ ኳስ የነካው ሁለቴ ወይ ሦስቴ ነው፣ የቀረውን ጊዜ የፊተኛውን ልጅ ጀርባ ሲያይ ነው ያሳለፈው። የተሳሳተ ሁሉ የሚወጣበት ጨዋታ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው፣ መሮጥ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ። 28 ልጆች ነበሩን፣ 14 ኳስ። ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ ማለት ነው። አንድ ኳስ ሲጎድል ሁለት ልጆች እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። ያ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ገብቶት ነበር።

ወደ አእምሮው ስንመጣ ነገሩ ይረቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ወጣቶች ከ7ቱ 1ዱ ከአእምሮ ሕመም ጋር ይኖራል። ከ28ቱ ልጆቼ አራቱ ማለት ነው፤ ከፊሎቹ ገና አሥር ያልሞሉ ስለነበሩ ሒሳቡ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ነገር ግን መዝገቡን በገለጥኩ ቁጥር ዓይኔ አራት ስም ይፈልጋል። ልጅ «ድባቴ ውስጥ ነኝ» አይልም። ሆዴን አመመኝ ይላል። እግሬ ተሰብሯል ይላል፤ ከደቂቃ በኋላ በዚያው እግሩ ይሮጣል። ትናንት ይወደው የነበረውን ነገር ዛሬ አይነካውም። ወይም ያለ ምክንያት ይማታል፤ እኛም «ባለጌ» ብለን እናልፈዋለን።

መንቀሳቀስ ስሜትን እንደሚያነሣ፣ እንቅልፍን እንደሚያስተካክል የታወቀ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠህ ዓይን ዓይኑን እያየህ «ምን ሆነሃል?» ብትለው ይዘጋብሃል። ጎን ለጎን ሆናችሁ ኮን ስትለቅሙ ግን፣ እጁ ሥራ ይዞ፣ ዓይኑ መሬት ላይ ሆኖ፣ ሳትጠይቀው ይነግርሃል። እዚያ ሜዳ ላይ የሰማኋቸው ከባድ ነገሮች ሁሉ የተነገሩኝ ኮን ስንለቅም ነው። ስለዚህ ልምምዱ ሲያልቅ እቃ የሚሰበስቡትን ልጆች በየሳምንቱ እቀያይር ነበር። የክለቡ ሰዎች ሥርዓት ለማስተማር መስሏቸው ያመሰግኑኝ ነበር።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። አሠልጣኝ ሐኪም አይደለም። ሥልጠና ስንወስድ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ደጋግማ የነገረችን ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል፤ አዳምጡ፣ አትመርምሩ፣ ለሚመለከተው አድርሱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። አንድ ቀን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አንድ ነገር ነግራኝ «ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። እሺ ማለት እንዴት ይቀል ነበር! «እሱን ቃል ልገባልሽ አልችልም» አልኳት፤ «ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ እነግርሻለሁ።» ኮኑን ጥላ ሄደች። ሁለት ሐሙስ ቀረች፤ እኔም በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አልነበረኝም። ባለሙያዋ በመሐል ከቤተሰቧ ጋር ተነጋግራ ኖሮ በሦስተኛው መጣች። ስለ ነገሩ አንሥታብኝ አታውቅም። ኮን ስትለቅም ግን ከእኔ አጠገብ መሆን ጀመረች።

ታላላቅ ተጫዋቾች ስለ ራሳቸው ጭንቀት በአደባባይ መናገራቸው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ትልቅ ስንቅ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ደማር ዴሮዛን ድባቴ እንደሚታገለው ገለጸ፤ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ኬቨን ላቭ በኖቬምበር 2017 ጨዋታ መሐል ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ደርሶበት ሜዳውን ጥሎ እንደወጣ ጻፈ። በዚያው ዓመትም በስሙ የአእምሮ ጤና ድርጅት አቋቋመ። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው ከመሐል አንዱ «ያን የሚያህል ሰውዬ?» አለ። ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ ልጆቹ ቁመቱን በግድግዳው ላይ ለመለካት ተሯሯጡ። ከዚያ ጸጥ አሉ። ያ ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ስፖርትና የልጆች ችግር የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ከልጆች ረሃብ የተወለደ ክለብ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1887 በስኮትላንዷ ግላስጎው፣ ወንድም ዋልፍሪድ የሚባል አየርላንዳዊ፣ ማሪስት የተባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰዎችን ሰብስቦ ሴልቲክን መሠረተ። የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል በድህነት የተጎዱ ስደተኞች የበዙበት ነበር፤ ከጨዋታ የሚገኘው ገንዘብ ለድሆች ልጆች ማዕድ እንዲውል ነው የታሰበው። በሜይ 1888 የመጀመሪያውን ጨዋታ አደረጉ፣ 5 ለ 2 አሸነፉ። ከዚያ ዋልፍሪድ ወደ ለንደን ተዛወረ፤ በ1897 ክለቡ የአክሲዮን ማኅበር ሆነ። ልጆችን የማብላቱ ሐሳብም ከመሐል ወደ ዳር እየተገፋ ሄደ። ክለቡ ያን መነሻውን በወጉ በድርጅት መልክ መልሶ የያዘው በ1995 የበጎ አድራጎት ፈንድ ሲያቋቁም ነው። ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስባለሁ። ለልጆች ተብሎ የተፈጠረ ክለብ እንኳ ሐሳቡን የያዘው ሰው ሲሄድ ልጆቹን ሊዘነጋ ከቻለ፣ እንደ ቅጥያ የተጨመረ ድርጅት ምን ዋስትና አለው?

ሌላኛው ታሪክ ግን ያጽናናኛል። በሜይ 1948 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ካንሰር ታሞ የተኛ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። ሐኪሙ ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ስሙ እንዳይታወቅ «ጂሚ» አሉት። አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ከአልጋው በቀጥታ አነጋገረው፤ እያወራ ሳለ የሚወዳቸው የቦስተን ብሬቭስ ቤዝቦል ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ገቡ። ጂሚ የጠየቀው ጨዋታቸውን የሚያይበት ቴሌቪዥን ነበር። የታሰበው 20,000 ዶላር ነው፤ የተሰበሰበው ከ200,000 በላይ ሆነ፣ የካንሰር ሕክምናና ምርምር የሚደግፈው የጂሚ ፈንድም ሥር ሰደደ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1953፣ ብሬቭስ ከተማዋን ለቆ ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። የከተማዋ ሌላ ቡድን ሬድ ሶክስ ግን ተረከበው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም። የቡድኑ ኮከብ ቴድ ዊሊያምስ ሆስፒታል ያሉትን ልጆች ሲጠይቅ ጋዜጠኛ እንዳይከተለው አጥብቆ ያስጠነቅቅ ነበር። ጂሚስ? ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ሲያስብ፣ ከሬዲዮው ፕሮግራም 50 ዓመት በኋላ በ1998 ኢናር ጉስታፍሰን የተባለ የከባድ መኪና ሹፌር እሱ መሆኑ ታወቀ። አድጎ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ኖሯል።

አንዱ ቡድን ሲሄድ ሌላው «እኔ ልያዘው» አለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

የክለብ በጎ አድራጎት ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ተጫዋች ማሊያ ይዞ የሕፃናት ክፍል ሲገባ ነው። መጥፎ ነው አልልም፤ ፊቱ የሚበራ ልጅ አይቻለሁ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ያለው ምሽት ግን ረጅም ነው። ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚደረገው ነው። የሕፃናት ሆስፒታሉ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወቱበትን ስታዲየም ቁልቁል ያያል። የመጀመሪያው ሩብ ጨዋታ ሲያልቅ ወደ 70,000 የሚጠጋ ተመልካች፣ ተጫዋቹም ዳኛውም፣ ወደ ሕንፃው መስኮቶች ዞሮ እጁን ያውለበልባል። ልጆቹ ከላይ ሆነው ይመልሳሉ። የሐሳቡ ጌታ ተራ ደጋፊ ነበረች። አንድ ልጅ ተመርጦ ለካሜራ አይቀርብም፤ ማንም ምንም አያድልም። ነገር ግን በሜዳቸው በተጫወቱ ቁጥር ይደረጋል፤ ታሞ የተኛው ልጅ መቼ እንደሚመጣለት ያውቃል። ቀኑን ይጠብቃል።

የእኛም ሐሙስ ዋጋው ይህ ነበር። ለብዙዎቹ ልጆች የአዋቂ ቃል ማለት ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ነው። አባት እመጣለሁ ይላል፣ አይመጣም። ቤት እንቀይራለን ይባላል፣ በማግሥቱ አይባልም። በዚህ ሁሉ መሐል በዝናብም በፀሐይም፣ ክለቡ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ሐሙስ በአሥር ሰዓት መረብ ሙሉ ኳስ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አለ። ልጁ በዚህ ሲተማመን ትከሻው ይወርዳል። ስመዘግብ አየዋለሁ፤ በመጀመሪያው ወር ትከሻቸው ጆሯቸው ጋ ነው፣ በአራተኛው ወር ቦታው ላይ ይሆናል። ይህን የሚለካ መሣሪያ የለኝም። ግን አይቻለሁ።

መተማመን ሲበዛ ግን አደጋውም አብሮ ያድጋል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ራሴን አላምንም። ልጆች የሚወዱት ሰው መጥፎ ሰው ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2005 በልጆች ላይ ስለተፈጸሙ ጾታዊ ጥቃቶች ያስጠናው የክላይቭ ሼልደን ሪፖርት በማርች 2021 ሲወጣ፣ ማኅበሩ ልጆችን ለመጠበቅ ማድረግ የነበረበትን እንዳላደረገ በግልጽ አስቀምጧል። አጥቂዎቹ ከውጭ የመጡ አልነበሩም፤ ልጆች የሚያምኗቸው አሠልጣኞችና የክለብ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሆን፣ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ሜዳ ላይ እንዲኖር፣ የእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የኋላ ታሪክ እንዲጣራ፣ ልጅ ቅሬታ ቢኖረው ከአሠልጣኙ ውጭ ለማን እንደሚናገር እንዲያውቅ የሚያስገድዱ ደንቦች አሉ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ የተጠረጠርኩ መስሎኝ። ተሳስቼ ነበር። አሁን እነዚህን ደንቦች የሚያላላ ድርጅት ባይ ኳስና ማሊያ ቢያድልም ልጄን አልልክበትም።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ።

ክለቡ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ስፖንሰሩ ውሉን ሳያድስ ቀረ። ማክሰኞ ማታ በስልካችን መልእክት መጣ፤ ፕሮግራሙ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል፣ ስላገለገላችሁ እናመሰግናለን ይላል። ኳሶቹንና ኮኖቹን ክለቡ ወሰደ። ለወላጆች ማን እንደሚነግር አልተጻፈም። እኔ ጽሕፈት ቤቱ ይነግራል ብዬ አሰብኩ፤ ጽሕፈት ቤቱ ምን እንዳሰበ አላውቅም። የ28ቱም ቤተሰብ ስልክ ያለበት መዝገብ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማክሰኞ ማታም ረቡዕም አልደወልኩም። ጥፋቱን ወደ ክለቡ ለማላከክ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ መዝገቡ ግን እኔ ጋ ነበር።

ሐሙስ ሲደርስ አላስቻለኝም። ከእኔ ጋር ያሠለጥን የነበረውን ጓደኛዬን ይዤ ወደ ሜዳው ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። 11 ልጆች ሰደርያቸውን ለብሰው አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሲያዩን ሮጡ፤ እጃችን ባዶ መሆኑን ሲያዩ ሩጫቸው ቀዘቀዘ። የማደርገው ጠፋኝ። አንዷ «ዛሬ የለም?» ስትለኝ «ዛሬ የለም፤ ሳምንት እንመጣለን» አልኳት። ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። ከአፌ ወጥቷል። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ 11 ልጆች ፊት ቆሜ የማልፈጽመውን ተናገርኩ።

በማግሥቱ ቤተሰቦቹን አንድ በአንድ እየደወልኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ልጆቹንም በስልክ አቅርቡልኝ እያልኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዳንዶቹ «እሺ» ብለው ስልኩን መለሱ፤ «እሺ» ማለት ለምዶባቸዋል።

አሁን በሌላ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት የጠየቅሁት ስንት ልጅ እንደሚይዙ አይደለም፤ ገንዘቡ ነገ ቢቋረጥ ሥራው ስንት ወር እንደሚቆይ ነው። ቢዘጋ ልጆቹ ስንት ሳምንት አስቀድመው ይሰማሉ? ማን ፊት ለፊት ይነግራቸዋል? ወደየትኛው ቡድን፣ ወደየትኛው ባለሙያ ይተላለፋሉ? የሚያነጋግሩኝ ሰዎች ግር አላቸው፤ ሊገባ የመጣ ሰው ስለ መዝጊያው እንዴት ይጠይቃል ብለው ይሆናል። በኋላ ግን ተቀምጠን ጻፍነው። ክለብ ላላችሁ፣ ክለብ ለምትደግፉ፣ በስፖንሰርነት ለምትገቡ ሁሉ የምለምነው ይህንኑ ነው። ማሊያ ከማሳተማችሁ በፊት የመለያያውን ቀን እንዴት እንደምታደርጉት ጻፉ። ሥራውን በስፖንሰሩ ዕድሜና በቡድኑ ደረጃ ላይ አትስቀሉት። አንድ ዓመት 1,000 ልጅ ከምትይዙ አሥር ዓመት 30 ልጅ ያዙ።

ያን ሐሙስ አጥሩ ጋ ሌሎቹ ሲበተኑ እሱ ቀረ። ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ የመጨረሻችን መሆኑን ሳናውቅ፣ ኳሶቹ ሲቆጠሩ 13 ሆነው ነበር። ፈለገ፣ መሸ፣ አጣው። «ለሐሙስ አገኘዋለሁ» ብሎኝ ነው የሄደው። እኔም መዝገቡ ላይ 13 ብዬ ጽፌ ነበር።

ኳሱን በሁለት እጁ ይዞታል። ታጥቧል። መቼ ገብቶ እንደፈለገው አልጠየቅሁትም።

«መረቡስ?» አለኝ።

«መረቡ ዛሬ የለም። ኳሱ አንተ ጋ ይሁን። ያንተ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «የኔ አይደለም። የተቆጠረ ነው።» ትንሽ አሰበ። «መዝገቡን ይዘኸዋል?»

ይዤው ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ቦርሳዬን ከፍቼ አወጣሁት። ተጠግቶ ያለፈውን ሐሙስ ገጽ ፈለገ፤ ከታች «ኳስ» የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«አሥራ አራት ብለህ ጻፍ» አለኝ።

13ቱን ሰርዤ 14 ጻፍኩ። እስክጨርስ ቆሞ አየኝ።